ጅማ ለምን አትበደርም?

የካዝና ነገር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ስለ ዕዳ ናቸው። አንድ ላይ አመጣኋቸው። ማዘጋጃ ቤት ሒሳብ ክፍል ውስጥ ጸጉሬን ያስሸበተኝ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ብረዝም ቻሉኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሄርማታ መርካቶ አካባቢ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር ቦዩ ይሞላና ጎርፉ ሱቄ ይገባል። ጣቃዎቹን ከፍ አድርጌ ደርድሬ ነው ወደ ቤቴ የምሄደው። ለከተማው ስናመለክት መልሱ ሁሌም «በጀት የለም» ነው። ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ያለችው እህቴ ደግሞ በቀደም ደውላ «እዚህ ለትምህርት ቤት ሕንፃ ብድር እንዲወሰድ ድምፅ ሰጠን» አለችኝ። የኛስ ከተማ ተበድሮ ቦዩን ቢሠራና ቀስ እያለ ቢከፍል ምን አለበት? ማን ነው የከለከለው? (ከሄርማታ)

መልስ፦ እህቴ፣ የከለከለ ሰው ፈልገሽ አታገኚም፤ ሕግ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 7 ገንዘብ ማተምና መበደርን ለፌዴራል መንግሥቱ ይሰጣል። ክልሎች ከአገር ውስጥ ምንጭ መበደር ይችላሉ። ግን በምን ሁኔታ፣ በምን ውል የሚለውን የሚወስነው የፌዴራል ሕግ ነው። የውጭ ብድርማ ጭራሽ ለክልል አልተተወም። ገንዘብ ሚኒስቴር ይደራደራል፣ የተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል። እዚያ ንዑስ አንቀጽ ውስጥ ደግሞ ከተማ የሚል አታገኚም። ጅማ ሥልጣኗን የምታገኘው ከክልሉ ነው። ክልሉ ራሱ ያልተፈቀደለትን ለከተማዋ ሊፈቅድላት አይችልም።

እሺ፣ ሕጉ የለም እንበል። ከንቲባው ተነስተው አጂፕ አካባቢ ወዳለ አንድ ባንክ ገቡ። ሥራ አስኪያጁ ወንበር ይስባል፣ ቡና ያስመጣል፣ ከዚያ «ማስያዣዎ ምንድን ነው?» ይላል። ቦይ አይያዝም። መንገድ በሐራጅ አይሸጥም። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም አይለወጥም። የሚቀረው የከተማዋ ገቢ ነው፦ የጣሪያና ግድግዳ ግብር፣ የቦታ ኪራይ፣ የቄራ አገልግሎት፣ ሊዝ። ከእነዚህ ውስጥ ደህና ብር የሚያመጣው ሊዝ ነው። ሊዝ ደግሞ አንድ ዓመት ይጎርፋል፣ በሌላው ዓመት ጨረታው ላይ ሰው ይጠፋል። ሌላው ገንዘብ ከላይ የሚመጣ ድጎማ ነው፤ እሱ ደግሞ የከተማዋ እጅ ላይ ያለ አይደለም። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲያይ ቡናው ሳይበርድ ይሸኛቸዋል።

ስለዚህ የሕጉ መላላት ብቻውን ቦይሽን አይሠራውም። የራሷን ግብር በደንብ የማትሰበስብ ከተማ የመበደር ፈቃድ ብታገኝ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ከመስቀል አታልፍም።

እህትሽ ያለችበት ካሊፎርኒያም ገደብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1879 በጸደቀው የክፍለ ግዛቷ ሕገ መንግሥት መሠረት ከተማ፣ ካውንቲ (እንደኛ ዞን ያለ የአስተዳደር ክፍል) ወይም የትምህርት ቤቶች አስተዳደር ከዓመት ገቢው በላይ ዕዳ ሊገባ ከፈለገ ከድምፅ ሰጪው ሁለት ሦስተኛው እሺ ማለት አለበት። ለትምህርት ቤት ሕንፃ ይህ ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2000 በሕዝበ ውሳኔ ወደ 55 በመቶ ዝቅ ብሏል። እህትሽ ድምፅ የሰጠችው በዚህ መንገድ ይመስለኛል። ተበዳሪው የትምህርት ቤቶቹ አስተዳደር ነው፤ ከተማው የለበትም። «አዎ» ማለቷም በነፃ አይደለም። ቤት ካላት በየዓመቱ የንብረት ግብሯ ላይ ይደመርባታል። ብትከራይም አከራይዋ አይረሳትም። እዚያ የሚፈቅደው ከፋዩ ራሱ ነው። እኛ ጋ የሚፈቅደው ፌዴራል ነው፣ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ ከፋዩ እሱ ነው።

ይህን የመጨረሻውን ነገር ብዙ ሰው አያስበውም። ጅማ ተበድራ መክፈል ቢያቅታት ማን ዝም ብሎ ያያታል? ክልሉ ይገባል። ክልሉ ካቃተው ፌዴራሉ ይገባል። ፌዴራሉ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለበት። በ2007 ዓ.ም. በዓለም ገበያ የተሸጠው የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ (ተበዳሪው ወለድ እየከፈለ በቀኑ ሊመልሰው ቃል የሚገባበት የብድር ወረቀት) ወለድ 6.625 በመቶ ነበር። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ በቀኑ ሳይከፈል ቀረ፣ አገሪቱም ዕዳ መክፈል ካቆሙት ተርታ ገባች። ሐምሌ ላይ ከዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይ ኤም ኤፍ) ጋር የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተደረገ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ያን ሰሞን ጣቃ ልታመጪ አዲስ አበባ ወርደሽ ከነበር ዋጋውን ካንቺ በላይ የሚነግረኝ የለም። እንዲህ ባለ ጊዜ እያንዳንዱ ከተማ እንዳሻው ይበደር ብሎ የሚፈርም የገንዘብ ሚኒስትር አላገኝም፤ እኔም በቦታው ብሆን አልፈርምም።

ይሁን እንጂ ሐሳብሽ ትክክል ነው። ጥሩ ቦይ፣ እንበል፣ 30 ዓመት ያገለግላል። በዘንድሮ በጀት ብቻ እንሥራው ሲባል የዘንድሮ ግብር ከፋይ የ30 ዓመቱን ይሸከማል። ስለማይችለው ሥራው አይሠራም፣ ወይም 50 ሜትር ተሠርቶ ይቆማል። የቆመው ቦይ ደግሞ ውሃውን ሰብስቦ ያንቺ ደጃፍ ላይ ይደፋዋል። እንዲህ ላለ ሥራ መበደር ነውር የለውም። ለደመወዝ፣ ለነዳጅ፣ ለስብሰባ አበል ሲሆን ነው ነውሩ።

ደቡብ አፍሪካ ይህን እ.ኤ.አ. በ2003 በማዘጋጃ ቤቶች የፋይናንስ ሕግ ለይታ አስቀምጣለች። የረዥም ጊዜ ብድር ለቋሚ ሥራ ነው። የአጭር ጊዜ ብድር በዚያው በጀት ዓመት ተከፍሎ ይዘጋል። ጆሃንስበርግ በማግሥቱ ዓመት የራሷን ቦንድ ሸጣለች። ኬንያ ውስጥ ካውንቲ የሚበደረው የካውንቲው ምክር ቤት ካጸደቀና ማዕከላዊው መንግሥት ዋስ ከሆነ ብቻ ነው።

የዳካር ታሪክ ግን ያበሳጨኛል። የሴኔጋል ዋና ከተማ በየመንገዱ ለሚነግዱ ሰዎች የገበያ ማዕከል ልትሠራ ቦንድ አዘጋጀች። መጠኑ 20 ቢሊዮን ሴፋ ፍራንክ ሲሆን ያኔ 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ዓመታት ፈጅታ ተዘጋጀች። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2015 ሽያጩ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ማዕከላዊው መንግሥት አስቆመው። ከንቲባው የፕሬዚዳንቱ ተቀናቃኝ ሆነው ይታዩ ነበር። ገደብ ያስፈልጋል የምለው ሰው ይህን ሳነብ ዝም አልልም። ገደብ ቀድሞ የሚታወቅ ሲሆን ነው ገደብ የሚባለው። ለአንዱ ከንቲባ እሺ፣ ለሌላው እምቢ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

አገራችንም ውስጥ የተበደረ ከተማ አለ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞቹን ያሠራችው ቦንድ እያወጣች፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ እየገዛት ነው። ግን አዲስ አበባ የራሷ ቻርተር (መተዳደሪያ ሕግ) አላት፣ የምትሸጠው ቤትም ነበራት። ቤት ገዢው ለባንኩ ይከፍላል። ቦይ የሚገዛ የለም።

ላንቺ የምመክርሽ ይሄን ነው። ነጋዴዎቹ ተሰባስባችሁ «ብድር ይወሰድ» ከማለት «ቦዩ በከተማው የሦስት ዓመት የካፒታል ዕቅድ ውስጥ ይግባ» ብላችሁ አመልክቱ። የካፒታል ዕቅድ ማለት እንደ መንገድና ቦይ ላሉ ቋሚ ሥራዎች የሚወጣው ዕቅድ ነው። የሚቀጥለውን መልስ ስታነቢ ለምን እንዳልኩ ይገባሻል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ጊንጆ ነው የምኖረው። ደጃፌ ላይ የተነጠፈው ኮብልስቶን የዓለም ባንክ ብድር ነው ይሉናል። እኔ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ልጆቼ ሊከፍሉት ነው ማለት ነው? (ከጊንጆ)

መልስ፦ አባቴ፣ እንደ ጅማ ነዋሪ ዕዳ የለብዎትም። እንደ ኢትዮጵያዊ አለብዎት።

የኛን ከተማ ጨምሮ ብዙ ከተሞች መንገድና ፍሳሽ ማስወገጃ የሠሩበት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ ጥቂት ከተሞችን ይዞ ጀመረ። በ2014 ወደ 44 ከተሞች አደገ። በ2018 የመጣው ተከታዩ ፕሮግራም 117 ከተሞችን ይዞ ነው የተነሳው። ለዚህኛው ዓለም ባንክ 600 ሚሊዮን ዶላር በብድርና በእርዳታ መልክ ፈቅዷል። የብድሩን ውል የፈረመው የፌዴራል መንግሥት ነው፣ መላሹም እሱ ነው። ከተማዋ ጋ ሲደርስ ገንዘቡ እርዳታ ሆኖ ነበር የሚገባው። ከተማዋ የምትመልሰው ዋና ገንዘብ የለም፣ ወለድም የለም። የራሷን መዋጮ ግን ትጨምር ነበር።

ስለዚህ «ዓለም ባንክ ለጅማ አበደረ» ሲባል ቢሰሙ ግማሹን ብቻ ይቀበሉ።

ገንዘቡ በየዓመቱ በውጤት ነበር የሚሰጠው። ከተማው ሒሳቡን በጊዜ አስመርምሯል? የግዥ ዕቅድ አለው? የሦስት ዓመት የካፒታል ዕቅድ አለው? እነዚህን ያላሟላ ከተማ ይቀርበት ነበር። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ኦዲተር ሲመጣ ብናማርርም፣ ደጃፍዎ ያለው ድንጋይ ከዚያ ኦዲት ጋር የተያያዘ ነው። የሄርማታዋን እህቴን ዕቅድ ውስጥ አስገቡ ያልኳትም ለዚህ ነው። ዕቅድ ውስጥ የሌለ ቦይ እንዲህ ካለ ገንዘብ ምንም አያገኝም።

ልጆችዎን በተመለከተ፣ የአገር ዕዳ በግብርና በኑሮ ውድነት ለሁሉም ይደርሳል። የአዲስ አበባውም የሞያሌውም ድርሻ አለበት። ኮብልስቶኑ ያለው ግን እርስዎ ደጃፍ ነው፤ ይሄም አንድ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቦሳ ቂጦ ሰፈር በማኅበር የተደራጀን ወጣቶች ነን። ለአንድ መሥሪያ ቤት ጥርብ ድንጋይ አቅርበን አስረክበናል። ክፍያው ከበጀት ዓመቱ አለፈ። «በጀት ተዘግቷል፣ ጠብቁ» ነው የሚሉን። እኛ ሥራውን የጀመርነው ከብድርና ቁጠባ ተበድረን ነው፤ ወለዱ እየቆጠረ ነው። ከተማ መበደር አይችልም ይባላል። ይሄ የኛ ነገር ታዲያ ምን ይባላል? (ከቦሳ ቂጦ)

መልስ፦ ብድር ይባላል ልጆቼ። አበዳሪዎቹ እናንተ ናችሁ።

ስለ ዕዳ ገደብ ሲወራ ሁሉም ዓይኑን ባንክና ቦንድ ላይ ይጥላል። እኔ ግን ሰኔ ላይ በኛ መሥሪያ ቤት ኮሪደር የሚሰለፈውን ሰው ነው የማስታውሰው። የጽሕፈት መሣሪያ አቅራቢው፣ የጋራዡ ባለቤት፣ አሸዋ ያመላለሰው የሲኖትራክ ባለቤት፣ ለስብሰባ ዳቦና ሻይ ያቀረበችው ሴትዮ። ሁሉም ፋይሉን በብብቱ ይዞ፣ ዝናቡ ከጥላው እየተንጠባጠበ። ሰኔ 30 ሲመሽ በጀቱ ይዘጋል። ያልተከፈለው ማዘዣ ሁሉ አንድ ቦክስ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ጀርባው ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ለሚቀጥለው ዓመት» ይባልና መደርደሪያው ላይ ይሰቀላል። ወለድ አልተጻፈበትም፣ የመክፈያ ቀን የለውም፣ ምክር ቤት አላየውም። ሕጉ ከልክሎ ይሆናል፣ ከተማው ግን ተበድሯል።

ወለድ የለውም ማለቴም ለወጉ ነው። ወለዱን ለብድርና ቁጠባው እየከፈላችሁ ያላችሁት እናንተ ናችሁ። በሚቀጥለው ጨረታ ደግሞ ማኅበራችሁ ዋጋ ሲሰጥ «እነዚህ ሰዎች ያዘገያሉ» ብሎ ትንሽ ይጨምርበታል። ሌላውም ይጨምራል። ከተማው ያንን ድንጋይ በውድ ይገዛል፣ ምክንያቱን ግን የትም ሰነድ ላይ አታገኙትም። በበጀት ሳይያዝ ውል መፈረም ክልክል ነው ብለን የምናስተምረው ለዚህ ነበር። ይባላል፣ ይፈረማል፤ ሁለቱም በአንድ ቢሮ።

ይሄ የኛ አገር ችግር ብቻ አይምሰላችሁ። ያቺው ካሊፎርኒያ፣ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ የምትጠይቀዋ፣ ስቶክተን የምትባል ከተማ አለቻት። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሠራተኞች ጡረታ የሚሆን 125 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በቦንድ ተበደረች። የጡረታ ዕዳ ቀድሞም በሕግ የተጣለ ግዴታ ነው ስለሚባል መራጭ አልተጠየቀም። በ2012 ከሰረች። እስከዚያ ቀን ድረስ በአሜሪካ ታሪክ ከከሰሩት ከተሞች በሕዝብ ብዛት ትልቋ እሷ ነበረች። ቻይናም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የበጀት ሕግ የአካባቢ መንግሥታት እንዳይበደሩ ሲከለክል ኩባንያ አቋቋሙና ኩባንያው ተበደረላቸው። መንገዱና ድልድዩ ተሠራ፣ ዕዳውም ተከመረ። በ2014 ሕጉ ሲሻሻል ክፍለ አገሮች በኮታ ቦንድ እንዲያወጡ ተፈቀደ። የተደበቀው ከሚደበቅ ቢታይ ይሻላል በማለት ነው እኔ የተረዳሁት።

እኛ ጋ ደግሞ ዋስትና አለ። የማዳበሪያን ነገር ከገጠር የመጣችሁ ታውቁታላችሁ። ለዓመታት ገበሬው ማዳበሪያ በብድር ሲወስድ ከባንኩ ፊት ዋስ ሆኖ የሚቆመው ክልሉ ነበር። ገበሬው ካልመለሰ ከፌዴራል ከሚመጣው የክልሉ ድጎማ ላይ ይቆረጣል። ያ ገንዘብ ሲቆረጥ መንገድና ክሊኒክ ነው የሚቀረው። ክልሉ አልተበደረም፣ ዋስ ብቻ ነው የሆነው። ዕቁብ ውስጥ ለባልንጀራው ዋስ ሆኖ የተያዘ ሰው ግን ልዩነቱን ይንገረኝ።

ወደ እናንተ ልመለስ። የርክክብ ሰነዱ ቀንና ማኅተም እንዳለው አረጋግጡ። ከሌለው ዛሬውኑ አጽፉ፤ ያለ እሱ ሁሉም ወሬ ነው። ከዚያ ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገቢ ሆኖ ቁጥር ይሰጠው፣ ቅጂው ላይም ማኅተም ይደረግላችሁ። የምትጠይቁት «ክፈሉን» ብቻ አይሁን። «ሒሳባችን በተከፋይነት ተመዝግቧል ወይ? በዘንድሮ በጀት የትኛው መደብ ላይ ተያዘ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለአንድ ሒሳብ ሠራተኛ «ክፈለኝ» ማለት ማንም የሚለው ነው። «የትኛው መደብ?» ሲባል ግን ቀና ብሎ ያያል። በሚቀጥለው ውል ላይ ደግሞ ርክክብ በተደረገ በስንት ቀን እንደሚከፈል ሳይጻፍ አትፈርሙ።

አንዳችሁ «ወደ ፍርድ ቤት እንሂድ?» ብላችኋል። መብታችሁ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ደብዳቤውን ባየው እወዳለሁ። ብዙው ነገር እዚያ ላይ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ጅሬን አካባቢ አስተማሪ ነኝ። ከተማችን ስንት ዕዳ እንዳለባት የት አያለሁ? (ከጅሬን)

መልስ፦ «የከተማዋ ዕዳ» የሚል አንድ ወረቀት አትፈልግ፣ አታገኘውም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው። በጀት ሲጸድቅ ምክር ቤቱ ስብሰባ ይቀመጣል፣ የሰፈርህ ተመራጭ እዚያ አለ። በእሱ በኩል ሦስት ነገር አስጠይቅ። ካለፈው ዓመት ያልተከፈለ ሒሳብ ስንት ነው? ከአንድ ዓመት በላይ የሚሄዱ ውሎች ለመጪዎቹ ዓመታት ስንት ያስከፍላሉ? ከተማው ለሌላ አካል ዋስ የሆነበት ነገር አለ? ከዚያ የመጨረሻውን የኦዲት ሪፖርት ጠይቅና «ተከፋይ» የሚለው ሒሳብ ጋ ሂድ። ካለፈው ዓመት ጋር አስተያየው። ከፍ ካለ ምክንያቱን ጠይቅ። ዝቅ ካለም ጠይቅ፤ አንዳንዴ ዝቅ የሚለው ተከፍሎ ሳይሆን ሳይመዘገብ ቀርቶ ነው። መልሱን ካገኘህ ለዚህ ዓምድ ብትልክልኝ አወጣዋለሁ።